የሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ

ልጄ የባሕሩን ነገር ያነሳችው ጥቅምት ላይ ነው፤ ገብሱ ገና አልታጨደም። አዲስ አበባ ነርስ ናት። ለቅዳሜና እሑድ አሰላ መጥታ ምሳ በልተን እጃችንን እንኳ ሳንታጠብ፣ «አባባ፣ በጥር እርስዎንና እማዬን ሞምባሳ ልወስዳችሁ ነው። አምስት ቀን» አለችኝ።

«ምን ልንሠራ?»

«ምንም። ባሕር ዳር ልንቀመጥ፣ ጥሩ ጥሩ ነገር ልንበላ፣ የድሮ ነገር ልናይ።»

እኔ ምንም ላልሠራ ብዬ ከቤቴ ወጥቼ አላውቅም። ሳጉሬ የምሄደው ለገበያ ነው። ጢቾ የምሄደው ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ነው። አዲስ አበባ የምሄደው ሐኪም ሲልከኝ ነው። ጉዳይ የለኝም እያለ መንገድ የሚያስወጣህ ሰው ጉዳዩን ደብቆብሃል። ይህን በግምት አልልም፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው የምለው።

ሥራዬ ስል ደመወዝ ያለው አይደለም። ለእድራችን መርዶ ነጋሪ ነኝ፤ ጸጉሬ ጥቁር ሳለ ጀምሬ እስካሁን ድረስ። ሰው ሩቅ አገር ሞቶ ዘመዱ እዚህ ሲኖር፣ ሄደው የሚነግሩት ሽማግሌዎች አሉ። እኔ አንዱ ነኝ፣ አንድ የሠፈሬ ኦሮሞ ሽማግሌ ጓደኛዬም አለ። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እድሩ አንድ ነው። ሌላ ሰው እየተጨመረ ሁለታችን ግን አንቀየርም።

መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ሰውየው ኦጎልቾ እርሻው ላይ ከሆነ ሄደህ «ወንድምህ ሞተ» ብትለው እዚያው ማሳው ላይ ይወድቅብሃል። ስለዚህ መጀመሪያ በራሱ እግር ተነስቶ የሚመጣበትን ምክንያት ትፈጥርለታለህ። መሬት ሊለካ ነው ትለዋለህ፣ ሽምግልና ተፈልገሃል ትለዋለህ፣ የእህትህ ልጅ ልትታጭ ነው ትለዋለህ። ምክንያቱ ደስ የሚል ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ አብሮት የሚሄድ ሰው ታስጠጋለታለህ፤ እሱም የራሱ ጉዳይ ያለው መስሎ ነው የሚሄደው። ሲደርስ እህል ይበላል። ይተኛል። ጎህ ሲቀድ ሦስት ሆናችሁ በሩን ታንኳኳላችሁ። ከሦስት ያነሰ አይገባም።

ስንቱን እንዲህ እንዳመጣሁ እኔ አውቃለሁ። ከሁሉም የከፋብኝ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ ከዚህ ብርድ የሸሸው ጢሙን ሳያበቅል ነው። ባሕር ኃይል ገባ፣ ምጽዋ። ደርግ ሲወድቅ የነበረባት መርከብ ይዛው ወጣች። ከወደብ ወደብ ሲንከራተት ቆይቶ መጨረሻ ሞምባሳ ተቀመጠ። የጀልባ ሞተር ይጠግናል። እዚያው አገባ፤ ሚስቱ የአገሩ ሰው ናት፣ አማርኛ ሦስት ቃል ታውቃለች። እናታችን የሞተች ጊዜ ስምንት ወር ሙሉ ዋሸሁት። ሲደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» እለዋለሁ። «ተኝታለች» እለዋለሁ። «ጆሮዋ ከብዷል፣ ስልክ አትሰማም፣ እኔ ሰላምታህን አደርሳለሁ» እለዋለሁ። በመጨረሻ «የአባታችን መሬት ሊለካ ነው» ብዬ አስመጣሁት። ለእሷ ጨርቅ ይዞ መጣ፤ የዚያ አገር ሴቶች የሚያገለድሙትን፣ ቀይ ወፍ የታተመበት። በላ፣ ተኛ፣ ጎህ ሲቀድ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ገባሁ።

አልጮኸም። ጨርቁን ከሻንጣው አውጥቶ አልጋው ላይ ዘረጋና «ስምንት ወር ሙሉ ሰላምታዬን ለማን ነበር የምታደርሰው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አገሩን አልረገጠም። ግን ክፉ ሰው አይደለም፤ በዓመት ሁለቴ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ፣ ይደውላል። አንድም ጊዜ አጓድሎ አያውቅም።

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ አልደወለም።

ልጄ «ድምፅ ልኳል» ብላ ስልኳን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። «እንኳን አደረሳችሁ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ገብሱ እንዴት ነው» ይላል። የእሱ ድምፅ ነው። ከኋላው አውራ ዶሮ ይጮሃል። አምና ሲደውልም አውራ ዶሮ ጮኾ ነበር። «እንደገና አሰሚኝ» አልኳት፣ አሰማችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት «ባትሪው ሊዘጋ ነው» አለች። እኔ ልደውልለት ስል ደግሞ «ስልኩ ተበላሽቷል፣ ሲያሠራ ይደውላል» አለችኝ። ሞተር የሚጠግን ሰው ስልክ የሚጠግን ጓደኛ ያጣል?

እንግዲህ በመስከረም ይህ ሆነ፣ በጥቅምት ሞምባሳ እንሂድ መጣ። ሞምባሳ ማለት ወንድሜ ያለበት ከተማ ነው። ልጄ ግን ባሕሩን ስታወራ፣ አሳውን ስታወራ፣ ነጩን አሸዋ ስታወራ፣ አጎቷን አንድ ጊዜ አታነሳም። እኔም አላነሳሁም።

በኅዳር ዕቅዱን በወረቀት ጽፋ አመጣች። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቶሎ አላነብም፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ በትልልቁ ነው የጻፈችው። ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት። የመጀመሪያው ቀን፣ መድረስ፣ ሆቴል፣ እረፍት፣ ማታ ባሕር ዳር። ሁለተኛው ቀን፣ ባሕር፣ ምሳ አሳ በኮኮናት። ሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ፖርቹጋሎች የሠሩት ምሽግና የድሮው ከተማ። አራተኛው ቀን፣ በጀልባ መሄድ፣ ጫካ ውስጥ ያለ የፈረሰ ከተማ። አምስተኛው ቀን፣ የቅመም ገበያ፣ መመለስ።

«እዚህ ጋ ምንም አልተጻፈም» አልኳት። ጣቴ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ላይ ነበር።

«እሱ ክፍት ነው አባባ። እረፍት ነው።»

«በሁለተኛው ቀን ምን ሠርተን ነው በሦስተኛው የምናርፈው?»

«ቢደክማችሁ ብዬ ነው።»

«ረቡዕ ነው ቀኑ። ምን ልበላ ነው?»

«ሩዝ በኮኮናት ወተት። የጾም ነው።»

«ወተት ነው አላልሽም?»

«የፍሬ ወተት ነው አባባ።»

«ወተት ወተት ነው።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሰምታ «አንተ ሰውዬ፣ ሳትደርስ ከምግቡ ተጣላህ» አለችኝ። እሷ ከተነገራት ቀን ጀምሮ እግሯ መሬት አልነካም። ባሕር በቴሌቪዥን ብቻ ነው ያየችው። በሶ እየፈጨች በጣሳ ታጭቃለች፤ በአውሮፕላን ያሳልፉልኝ ይሆን እያለች ከጎረቤት ሁሉ ትማከራለች። ልጄም ትመክራታለች፤ «እማዬ፣ ጥቁሩን ቀሚስ ይያዙ፣ እሱ ቀለል ይላል» አለቻት። ይህንን እኔ ሰማሁ። ለነጭ አሸዋ ጥቁር ቀሚስ።

ለእኔ ደግሞ ቁምጣ ገዝታ መጣች። «ማን አየኝ ብለው ነው? እዚያ ማንም አያውቅዎትም» አለችኝ። ማንም የማያየኝ ከሆነ ሱሪዬ ምን አደረገ አልኳት። ሳቀች። ሳቋም አጠረብኝ።

ለፓስፖርት አሻራ ልሰጥ አዲስ አበባ ወሰደችኝ። የቢጫ ወባ መርፌ ክንዴን ወጉኝ። ስንመለስ በሚኒባስ ውስጥ እንዲህ አለችኝ፦ «በጥር ስንሄድ ጓደኛዎም እስከ አዲስ አበባ ይሸኙን። እግረ መንገዳቸውን ዓይናቸውን ተለክተው መነጽር ይግዙ፤ እኔ እወስዳቸዋለሁ።»

ያን ጊዜ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ምክንያቱ አለ፣ ደስ የሚልም ነው። በራሴ እግር እሄዳለሁ። እበላለሁ፣ አርፋለሁ። ክፍት ሰዓት ተቀምጦልኛል። አሁን ደግሞ ያለ ጉዳይ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ተገኘ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «ሰው ልዝናናህ ሲልህ አንተ ሬሳ ትፈልጋለህ» ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ግን በሶውን መፍጨት ትታ ለትንሽ ጊዜ ቁጭ አለች።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ዓርብ፣ ቀን ነው፣ ወረቀቱን ይዤ ጓደኛዬ ግቢ ሄድኩ። የእህል ከረጢት ይሰፋል። ወረቀቱን ተቀብሎ ክንዱን እስኪያልቅ ዘርግቶ አየው።

«ያ ጃርሳ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሽርሽር ነው ይላሉ። አንተ እይልኝ።»

አንድ በአንድ ነገርኩት። ያልመጣውን ስልክ፣ ዶሮውን፣ ጥቁሩን ቀሚስ፣ ክፍቱን ከሰዓት በኋላ። መርፌውን ከረጢቱ ላይ ሰክቶ እያዳመጠ ነው። ስለ ምግቡ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ማን አብሮህ ይሄዳል አለኝ።

«አንተ» አልኩት። «መነጽር ልትለካ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ? እኔ እኮ መነጽር ጠይቄያት አላውቅም።»

«እሱን ነው የምልህ።»

«ኤዬ…» አለና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «እኔን አጃቢ አድርገውኛል፤ ለእኔ ሳይነግሩኝ።» ከወንድሜ ሞት ይልቅ ይቺ ያናደደችው መሰለኝ። ቆይቶ ደግሞ «ከሰዓት በኋላ መርዶ ማን ይናገራል? በዚያ ሙቀት፣ በሰው አገር፣ ያለ ሽማግሌ፣ ከሆቴል ወንበር ላይ አስቀምጠው ሊነግሩህ ነው። የአሁን ልጆች ሥርዓት ማን አስተማራቸው?» አለ።

«ሞቷል ትላለህ?»

ጓደኛዬ ከረጢቱን ማጣጠፍ ጀመረ። እኛ በሥራችን አንድ ነገር አለ፤ ሰው ‹ሞቷል ወይ› ብሎ ቀጥታ ሲጠይቅህ አትዋሸውም፣ አትነግረውም፣ እጅህን ሥራ ታስይዘዋለህ። ይህን ከእኔ ጋር ሆኖ ስንት ጊዜ አድርጎታል። ስለዚህ እጁን ሳይ በቃኝ፤ የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ወጣሁ። እሱ ደግሞ የሚያውቀው ከእኔ የሰማውን ብቻ ነበር። ያ ግን ቆይቶ ነው የገባኝ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ናቸው። ጓደኛዬ ከፊት፣ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ከኋላ። ጭላሎ ላይ ገና ጭጋግ አለ። ሦስት ሰው በዚያ ሰዓት ለምን በር እንደሚያንኳኳ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አሰላ ውስጥ የለም። ጓደኛዬ የምንለውን ነው ያለው፤ እኔ ራሴ ያስተማርኩትን፣ በዚያው ቅደም ተከተል። «ወንድማችን አልፏል፣ ራቢ ያጽናህ» አለ። በሰው አገር ወንበር ላይ እንዳይነገረኝ ብሎ፣ በሥርዓቱ ነገረኝ።

አለቀስኩ። ጨርቁ ትዝ አለኝ፣ ቀይ ወፉ። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ ደረቷን መታች፤ እሷ ወንድሜን ከእኔ ይልቅ ትወደዋለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አግዳሚ ወንበሩ መጣ፣ ሰው ገባ። ንፍሮ ተጣደ። አንዲት ጎረቤት የመርከብ ልጅ፣ የማዕበል ልጅ እያለች ሙሾ ማውረድ ጀመረች፤ እሷ ባሕርም ወንድሜንም አይታ አታውቅም፣ ግን አሳመረችው።

ልጄ ያን ቀን እንደምትመጣ አውቃለሁ፤ ፓስፖርቶቹን ልታመጣ ነው። እኩለ ቀን ላይ የግቢውን በር ገፋ አድርጋ ገባች። ወንበሩን አየች፣ ሰውን አየች፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። መጀመሪያ በዓይኗ የፈለገችው እኔን ነው። ከዚያ እናቷን። ሁለታችንንም ስታገኝ ግራ ገባት።

«አባባ፣ ማን ነው?»

«አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

«ማን ነው ነው የምልዎት።»

«አጎትሽ ነዋ።»

እንዲህ ስላት ልጄ ነጣች። እኔ የጠበቅሁት እፍረት ነበር፤ ያየሁት ድንጋጤ ነው። «መቼ? ትናንት ማታ እኮ… ማን ነገራችሁ?»

«እኛ ነን የነገርነው» አለ ጓደኛዬ ተነስቶ።

«ለእናንተስ ማን ነገራችሁ?»

ጓደኛዬ ዙሪያውን አየ፤ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ ወደ መሬት። መጨረሻ ላይ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «እሱ» አለ።

ሙሾ የምታወርደዋ ጎረቤት ግጥሟን መሀል ላይ አቆመች።

ልጄ ስልኳን አወጣች። ሁለቴ ጠራ፣ ሦስቴ ጠራ። ግቢው ሙሉ ሰው አንዲት ስልክ ያያል። የዚያ አገር ሴት ፊት ብቅ አለ፣ የወንድሜ ሚስት፤ ልጄ አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ስታጣድፍባት ሴትዮዋ ስልኩን አዞረችው። ወንድሜ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ነው፤ የአፉ አንድ ወገን ወደ ታች ወርዷል። ዓይኑ ግን የእሱ ነው።

«አጎቴ፣ ያዩኛል?» አለችው። ራሱን ነቀነቀ።

ስልኩን ወደ እኔ አመጣችው። እሱ እኔን አየ። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን አየ፤ አግዳሚውን፣ ጋቢ የለበሰውን ሰው፣ ንፍሮውን። አገሩን ቢርቅም ለቅሶ ሲያይ ያውቃል። በግራ እጁ የራሱን ስልክ ከሚስቱ ተቀበለና ፊደል እየፈለገ አንድ ነገር ቀስ እያለ መታ፤ የልጄ ስልክ ላይ ደረሰ። አንብባ መሳቅም ማልቀስም አቃታት።

«ምን አለ?» አልኳት።

«‹ሰው በደንብ መጥቷል?› ይላል።»

«ከሳጉሬም እየመጡ ነው በለው» አለ ጓደኛዬ።

ወንድሜ በግማሽ አፉ ሳቀ። ከእሱ ቀጥሎ ግቢው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ምክንያቱም አፉን እያየሁ ነበር።

ሰው ንፍሮውን በልቶ ከሄደ በኋላ ልጄ ነገረችኝ። በነሐሴ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ወደቀ። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። ንግግሩ ሄደ። የእንቁጣጣሹ ድምፅ አምና ለእሷ የላከላት ነው፤ ዶሮውን በሚገባ ነበር የሰማሁት። ሽርሽሩ እሱን ለማየት የመጣ ሐሳብ ነው፤ ክፍት የሆነችው ከሰዓት በኋላም ወደ ቤቱ የምንሄድባት ነበረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሱ ነው አትንገሪው ብሎ የጻፈልኝ። እዚህ እያላችሁ ከሰማችሁ ቁጭ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ እንጂ አትመጡም አለ።»

«እንዲህ ብቻ አይልም። ሌላም ብሏል።»

ስልኳን ገልጣ አነበበችልኝ፦ «‹እሱ ስለ እናታችን ስምንት ወር ዋሽቶኛል። እኔ አምስት ወር ብዋሸው ምን አለበት።›»

ወረቀቱን አምጪ አልኳት፤ እርሳስም ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ቀን ላይ «ሆቴል፣ እረፍት» የሚለውን ሰረዝኩ።

«አባባ፣ ሻንጣ እኮ እንይዛለን።»

«ከነሻንጣችን እንሄዳለን።»

«ባሕሩስ?»

«ባሕሩ ማታም አለ። እናትሽን እዚያ ውሰጃት፣ እሷ ለባሕር ነው የምትሄደው። እኔን እሱ ጋ ተዪኝ።»

ከዚያ ከሰረዝኩት በላይ፣ ፊደሉ እየተጣመመብኝ፣ «ወንድሜ ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ክፍቱ ቦታ ላይም ያንኑ ጻፍኩ። አራተኛው ቀን ላይ ልደግመው ስል እጄን ያዘችኝ፤ «የፈረሰውን ከተማ ተዉልኝ፣ እኔም ልዝናና» አለች። ተውኩላት።

ባለቤቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው በሶውን መፍጨት ቀጠለች። ጥቁሩ ቀሚስ በእውነት ቀለል ያለ ነው፣ ነክቼ አይቻለሁ። ጓደኛዬም ለመነጽሩ አብሮን ይሄዳል። ልጄ ወረቀት ሲያነብ ክንዱን እንደሚዘረጋ አይታ ነው ያሰበችለት። እሱ ግን አሁንም አላመነም፤ «እስክለካ አላምንም» ይላል።

ጥር ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ምስል የሚያሳይ ስልክ ገዝተውልኛል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እደውላለሁ። ወንድሜ አይናገርም፤ እኔ ስለ ገብሱ፣ ስለ ብርዱ፣ ለቅሶው ላይ ያልመጣው ማን እንደሆነ እነግረዋለሁ። ከኋላው አውራ ዶሮው ይጮሃል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ መጀመሪያ «ግራ እጅህን አንሳ» የምለው። የአምናውን እያሳዩኝ አለመሆኑን ላውቅ ነው።

ያነሳል። አንዳንድ ቀን ግን ሆን ብሎ ቆይቶ ነው የሚያነሳው።